አዲስ የማረፊያ መሪ መሣሪያ ከመግዛት በፊት፦ ወጪና ጥቅሙ የሚሰላበት መንገድ

የክረምት ጉም የጠዋት በረራዎችን ሲያስተጓጉል መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ለምን አይኤልኤስ አይተከልም?» የሚል ነው፤ አይኤልኤስ አውሮፕላንን በሬዲዮ ሞገድ ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራ፣ መሬት ላይ የሚተከል መሣሪያ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ችግሩ መልሱ ከአቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ ውስጥ መፈለጉ ላይ ነው። የማረፊያ መሪ መሣሪያ የሚያስገኘው ጥቅም የሚወሰነው አብራሪው ዛሬ መውረድ በሚፈቀድለት ዝቅተኛ ገደብ፣ ማለትም በአሁኑ ሚኒማ፣ እና አዲሱ መሣሪያ በሚፈቅደው ሚኒማ መካከል በሚወድቁ በረራዎች ቁጥር ነው። እነዚህ በረራዎች በዓመት 10 ብቻ ከሆኑ፣ የቱንም ያህል የረቀቀ መሣሪያ ቢገዛ ከ10 በረራ በላይ አያድንም።

ይህ መመሪያ ያ ቁጥር እንዴት እንደሚገኝና በወጪው ፊት እንዴት እንደሚመዘን ያሳያል። የታሰበው ለአውሮፕላን ማረፊያ ዕቅድ ባለሙያዎች፣ ለአየር መንገድ ኦፕሬሽን ሠራተኞችና ለአቪዬሽን ተማሪዎች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የኢትዮጵያን መልክዓ ምድርና የአየር ጠባይ ይከተላሉ።

አማራጮቹ

አይኤልኤስ ሁለት አስተላላፊዎች አሉት። ሎካላይዘሩ ከ108.10 እስከ 111.95 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል እየሠራ አውሮፕላኑን ከማኮብኮቢያው መሃል መስመር ጋር ያስተካክለዋል። ግላይድ ፓዙ ከ328.6 እስከ 335.4 ሜጋኸርዝ እየሠራ የቁልቁለቱን ማዕዘን ይሰጣል፤ ማዕዘኑ በተለምዶ 3 ዲግሪ ነው። ሁለቱም የ90 እና የ150 ኸርዝ ድምፅ የተጫነበት ሞገድ ይልካሉ፤ መቀበያው የሁለቱን ልዩነት ለክቶ ግራ ወይም ቀኝ፣ ከፍ ወይም ዝቅ ማለትን ያሳያል። በካት 1፣ በመሠረታዊው ደረጃ፣ የውሳኔ ከፍታው (አብራሪው ማኮብኮቢያውን ካላየ ማረፉን የሚያቋርጥበት) ከ200 ጫማ፣ የማኮብኮቢያ እይታው ደግሞ ከ550 ሜትር አያንስም። ካት 2 እስከ 100 ጫማና 300 ሜትር ይወርዳል። ትልቁ ጥንካሬው መቀበያው ከሞላ ጎደል በሁሉም የመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ መኖሩ ነው። ትልቁ ድክመቱ ደግሞ አንዱ አይኤልኤስ የሚያገለግለው የአንድ ማኮብኮቢያን አንድ ጫፍ ብቻ መሆኑ ነው።

አርኤንፒ በባሮ-ቪናቭ የተባለው አቀራረብ (ወደ ማረፊያ የመውረጃ መንገድ) መሬት ላይ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። የጎን አቅጣጫውን ጂፒኤስ ይሰጣል፤ ቁልቁለቱን የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ከአየር ግፊት ከፍታ መለኪያው ያሰላል። ሚኒማው አመቺ መሬት ባለበት እስከ 250 ወይም 300 ጫማ ይወርዳል፤ ተራራ ሲኖር ከፍ ይላል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አይካኦ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳለፈው ውሳኔ አገሮች ይህን ዓይነት አቀራረብ በመሣሪያ ለሚታረፍባቸው ማኮብኮቢያዎች ሁሉ እንዲያዘጋጁ የጠየቀው ብዙ ጥቅም በጥቂት ወጪ ስለሚያስገኝ ነው።

ኤስባስ የጂፒኤስን ስህተት በሳተላይት በኩል እያረመ ኤልፒቪ የተባለውን እስከ 200 ጫማ የሚያወርድ አቀራረብ ይሰጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003፣ አውሮፓ ከ2011 ጀምሮ ለአቪዬሽን ይጠቀሙበታል። ኢትዮጵያ በአውሮፓው ኤስባስ፣ በኤግኖስ፣ የአገልግሎት ክልል ውስጥ ስለሌለች ዛሬ ለሚወሰን ግዢ ይህን ከዝርዝሩ አውጡት፤ በእርማት የማይሸፈን ቦታ ላይ የኤልፒቪ ሚኒማ ማተም አይቻልም።

ተመሳሳይ እርማት ከመሬት የሚሰጠው ጂባስ የሚተከለው እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ውስጥ ነው። ብዙውን ጊዜ 4 የጂፒኤስ መቀበያዎች ስህተቱን ይለካሉ፤ እርማቱ በቪኤችኤፍ ሬዲዮ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይተላለፋል። አንዱ ጣቢያ የማረፊያውን ሁሉንም ጫፎች ያገለግላል፤ ለዚህ ነው ብዙ ማኮብኮቢያ ያላቸው ማረፊያዎች የሚወዱት። ብሬመንና ኒውአርክ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሂዩስተን በ2013፣ ሲድኒና ፍራንክፈርት በ2014 ጀምረውታል።

ለእኛ ግን ጂባስ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሳል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በዚህ ቀበቶ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር፣ በአዮኖስፌር፣ ውስጥ ክፍተቶች ይፈጠራሉ፤ የጂፒኤስ ሞገድ በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ እንዲሁም የፀሐይ የ11 ዓመት ዑደት ጫፍ ላይ ሲደርስ ይብሳል። የካት 1 ጂባስ የደህንነት ስሌት መጀመሪያ የተሠራው ለመካከለኛ ኬክሮስ አገሮች ነው። ስለዚህ «ፍራንክፈርት ላይ ይሠራል» የሚል አቅራቢ ሲመጣ በመግነጢሳዊ ወገብ አካባቢ፣ ሌሊት፣ ቢያንስ አንድ ዓመት የተለካ መረጃ ጠይቁት። ከሌለው የልኬቱ ወጪና ጊዜ በእናንተ በጀት ላይ ይጨመራል።

ኤምኤልኤስ የተባለው የማይክሮዌቭ ማረፊያ መሪ ደግሞ ዛሬ የሚነሳው ለትምህርት ነው። አይካኦ እ.ኤ.አ. በ1978 የአይኤልኤስ ተተኪ አድርጎ መረጠው፤ ሽግግሩ በ1998 እንዲጠናቀቅ ታቀደ። በቴክኒክ ከአይኤልኤስ ይበልጥ ነበር፦ በሕንፃና በመሬት ነጸብራቅ ብዙም አይረበሽም፣ ሰፊ ክልል ይሸፍናል። አየር መንገዶች ግን መሬት ላይ ጣቢያ ሳይኖር መቀበያ አልገዙም፤ ማረፊያዎችም መቀበያ ያለው አውሮፕላን ሳይመጣ ጣቢያ ለመትከል ዘገዩ። በዚህ መካከል ጂፒኤስ ደረሰ። አሜሪካ በ1994 ልማቱን አቆመች፣ አይካኦም በ1995 የሽግግር ግዴታውን አነሳ። ሂሳብ ውስጥ ያልገባው ነገር የመሣሪያው ብቃት አልነበረም፤ በየቀኑ የሚያርፉት አውሮፕላኖች በውስጣቸው ምን መቀበያ እንዳላቸው ነበር።

ክፍተቱን መቁጠር

የሥራው ልብ ይህ ነው። አንድ ሰው በተመን ሉህ በሁለትና ሦስት ሳምንት ሊጨርሰው ይችላል፤ ብዙ የአዋጭነት ጥናቶች ግን ዘልለውት ያልፋሉ።

ቢያንስ የ5 ዓመት የሜታር (ማረፊያው በየጊዜው የሚያወጣው የአየር ሁኔታ) ዘገባ ሰብስቡ። ሜታር በዙሉ ሰዓት፣ ማለትም በዓለም አቀፉ ዩቲሲ፣ ስለሚጻፍ በእኛ አቆጣጠር ለማንበብ 3 ቀንሱ፦ 0400 ማለት ጠዋት 1 ሰዓት፣ 0600 ማለት ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም በፈረንጅ ሰዓት የተሠራ የበረራ ሰሌዳ፣ በዙሉ የተጻፈ የአየር ዘገባና በአገር ቤት ሰዓት የተያዘ የማማ መዝገብ አንድ ሉህ ላይ ሲገናኙ ጉሙ እኩለ ቀን ላይ የሚወርድ ይመስላል። ሁሉንም ወደ ዙሉ ለውጣችሁ ጀምሩ።

ቀጥሎ የበረራ ሰሌዳውን ውሰዱና ለእያንዳንዱ በታቀደ ሰዓት ሊያርፍ ለሚገባው በረራ የዚያን ሰዓት ሜታር አያይዙ። የታቀደውን እንጂ ያረፈውን አትቁጠሩ። የማማው መዝገብ የሚያሳየው የመጡትንና ከአናቱ ላይ የተመለሱትን ብቻ ነው፤ ጉም መኖሩ ተሰምቶ ከቦሌ ሳይነሳ ሁለት ሰዓት የቆየው ወይም የተሰረዘው በረራ እዚያ ውስጥ የለም። በአገር ውስጥ በረራ ደግሞ ከመስተጓጎሉ አብዛኛው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን በረራ ከአራቱ በአንዱ መደቡት።

ሀ. አየሩ ከዛሬው ሚኒማ በላይ ነው። ችግር የለም።
ለ. ከዛሬው ሚኒማ በታች፣ አርኤንፒ ከሚፈቅደው በላይ።
ሐ. ከአርኤንፒ በታች፣ ከካት 1 በላይ።
መ. ከካት 1ም በታች።

የአርኤንፒ ጥቅም «ለ» ብቻ ነው። የአይኤልኤስ «ለ» እና «ሐ» ሲደመሩ ነው። «መ»ን ከሁለቱ አንዱም አያድነውም።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ። ሜታር የደመናን ከፍታ የሚሰጠው ከማረፊያው መሬት ተነስቶ ነው፤ በአቀራረብ ካርታው ላይ በትልቁ የሚታየው ሚኒማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር አካባቢ፣ ማለትም ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። በዚህ ዓይነት ቦታ 8,300 ጫማ የሚል ሚኒማ ከመሬት 700 ጫማ ያህል ብቻ ነው። ሁለቱን ሳይቀይሩ ያነጻጸረ ሰው በረራውን ሁሉ «ከሚኒማ በታች» ብሎ ይቆጥራል፤ ጥናቱም መሣሪያው በሁለት ዓመት ወጪውን እንደሚመልስ ያሳያል።

ደመናንና እይታን አብራችሁ እዩ። ደመናው 800 ጫማ ሆኖ እይታው 400 ሜትር ከሆነ በረራው «መ» ውስጥ ነው። የጉሙ ዓይነት ውጤቱን የሚወስነውም እዚህ ነው። ሌሊቱ ጠርቶ ሸለቆ ውስጥ የሚተኛው የመሬት ጉም ሲወርድ እይታውን በአንዴ ወደ 100 ወይም 200 ሜትር ይጥለዋል፤ ካት 1 ለእሱ ምንም አይፈይድም። በአምባ ጫፍ ላይ ያለ ማረፊያ የሚያስቸግረው ግን ከቆላ ሽቅብ የሚገፋ ዝቅተኛ ደመና ነው። ከ300 እስከ 600 ጫማ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩ እይታው ጥሩ ነው። መሪ መሣሪያ ዋጋውን የሚያወጣው እንደዚህ ባለው ቦታ ነው። የሁለቱ ማረፊያዎች የመስተጓጎል ብዛት እኩል ሆኖ ሳለ የአንዱ ጥቅም የሌላው አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

በነጎድጓድ፣ በነፋስ ወይም በማኮብኮቢያ መዘጋት የተስተጓጎለውን አውጡት። የክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ የሚያስከትለው ወደ ሌላ ማረፊያ መዞር በአይኤልኤስ አይቀንስም። የነፋሱን አቅጣጫም በዝቅተኛ ደመና ሰዓቶች ብቻ ለይታችሁ እዩት፦ ደመናው ሲወርድ ነፋሱ ወደ ሌላኛው ጫፍ የሚያስኬድ ከሆነ መሣሪያው በተሳሳተው በኩል ሊተከል ነው።

ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ርካሽ አማራጭ በሉሁ ላይ ይግባ፦ የሰሌዳ ለውጥ። የጠዋቱ ጉም ከ3 ሰዓት በኋላ የሚገፈፍ ከሆነ በሐምሌና በነሐሴ የመጀመሪያውን በረራ ከ1 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ተኩል ማዛወር ምን ያህሉን «ለ» እና «ሐ» ያጠፋል? አንዳንዴ አብዛኛውን። አማራጩ መሣሪያ ለመግዛት የተቋቋመ ኮሚቴን ደስ ባያሰኝም ከመዝገቡ መቅረት የለበትም።

ወጪው የሚደበቅባቸው ቦታዎች

የሳጥኑ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ ላይሆን ይችላል።

መሬት። የተለመደው የግላይድ ፓዝ አንቴና ጨረሩን የሚሠራው ከፊቱ ካለው መሬት በሚመለስ ነጸብራቅ ነው። ስለዚህ ከአንቴናው ፊት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር የተስተካከለ መሬት ይፈልጋል። በአምባ ላይ የተሠራ ማኮብኮቢያ ጫፉ ላይ ገደል ካለው ወይ ብዙ ሺህ ሜትር ኩብ አፈር ይሞላል፣ ወይ ውድ የሆነው ባለ ሦስት አንቴና ዓይነት ይገዛል። ሣሩ በክረምት ሲረዝም፣ ውሃ ሲተኛበት ወይም አጥር አልፎ የገባ ከብት ሲቆምበት ጨረሩ ይዛባል፤ ተቆጣጣሪ መሣሪያው ይህን ሲያይ አስተላላፊውን ያጠፋዋል። በካት 1 ይህ ለግላይድ ፓዝ በ6 ሰከንድ፣ ለሎካላይዘር በ10 ሰከንድ ውስጥ መሆን አለበት። በሐምሌ ለጉም የተገዛ መሣሪያ በሐምሌ ሣር ምክንያት ጠፍቶ እንዳይገኝ የማጨጃና የአጥር ወጪ በየዓመቱ በጀት ላይ ይግባ።

መብራት። ይህን የረሳ ጥናት ሁሉ የተሳሳተ ነው። በአውሮፓ የሚኒማ ሠንጠረዥ የ200 ጫማ የውሳኔ ከፍታ ሙሉ የአቀራረብ መብራት ሲኖር 550 ሜትር እይታ ይበቃዋል፤ መብራቱ ጨርሶ ከሌለ 1,200 ሜትር ይጠይቃል። ሙሉው የካት 1 መብራት ከማኮብኮቢያው ጫፍ ወደ ውጭ 900 ሜትር ይዘረጋል። ያ መሬት የገበሬ ማሳ ከሆነ ካሳ፣ ወንዝ ከሆነ ምሰሶ ይፈልጋል። መብራቱ የማይተከል ከሆነ የ«ሐ»ን ቁጥር በ1,200 ሜትር እንደገና ቁጠሩት፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ኃይል። ለካት 1 መጠባበቂያ ኃይል በ10 ሰከንድ ውስጥ መተካት አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ጄኔሬተር ብቻ አይበቃም፤ ባትሪና የቮልቴጅ ማስተካከያ ይጨመር። የባትሪ መተኪያ ዑደቱም እንደዚሁ።

የበረራ ፍተሻ። አይኤልኤስ በተለምዶ በየ6 ወሩ ልዩ መለኪያ በያዘ አውሮፕላን ይፈተሻል። አውሮፕላኑ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ የጉዞው ሰዓትም ይከፈላል፤ በአንድ ጉዞ ብዙ ማረፊያ ካልተፈተሸ ወጪው በአንዱ ላይ ይወድቃል። ይህን ወጪ ለመቆጠብ መሞከር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሚያሳይ ጉዳይ በራሳችን ሰማይ ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2003 አንድ ኤርባስ ኤ320 ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ አቅጣጫ የሚሰጠው የቪኦአር ሬዲዮ ጣቢያ አንቴና ውሃ ገብቶበት ስለነበር የተሳሳተ አቅጣጫ ሰጠው፤ አውሮፕላኑ ከተራራማው መሬት ጋር ለጥቂት ሳይጋጭ ቀረ። የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ያለበትን ቦታ የሚያርመው በዚያው ሞገድ ስለነበር ካርታውም፣ በካርታው ላይ የተመሠረተው የመሬት ማስጠንቀቂያም አብረው ተሳስተው ነበር። አንቴናን ከውሃ የመጠበቅ፣ የመለካትና የመፈተሽ ወጪ ከስሌቱ የማይቀነስ ነው።

ለአርኤንፒ ደግሞ ወጪው ሌላ መልክ አለው፦ የመሰናክል ቅየሳ፣ የአቀራረብ ንድፍ፣ የማረጋገጫ በረራ፣ የአብራሪዎች ሥልጠናና ፈቃድ፣ ከዚያም በየጊዜው ዳግም ክለሳ። አዲስ የቴሌኮም ማማ ወይም ፎቅ ሳይመዘገብ ሲቆም ንድፉ ያረጃል። ቅየሳውን የማዘመን ኃላፊነት የማን እንደሆነ በስም ይጻፍ።

ስሌቱ

የሚከተሉት የገንዘብና የበረራ ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት የተያዙ ናቸው፤ በራሳችሁ ቁጥር ተኩአቸው።

በቀን 6 በረራ የሚያርፍበት አንድ የክልል ማረፊያ እንውሰድ፤ በዓመት 2,190 ይሆናል። ቆጠራው «ለ» 15፣ «ሐ» 11፣ «መ» 18 ሰጠ እንበል። ከተስተጓጎሉት አንድ ሦስተኛው ወደ ሌላ ማረፊያ ይዞራል፣ ለእያንዳንዱ 8,000 ዶላር፤ ሁለት ሦስተኛው ይዘገያል፣ ለእያንዳንዱ 2,000 ዶላር። አማካዩ 4,000 ዶላር ነው። ይህ ነዳጅን፣ የአውሮፕላንና የሠራተኛ ሰዓትን፣ የመንገደኛ ማደሪያንና የመንገደኛን ጊዜ ይይዛል። የመንገደኛን ጊዜና የቲኬት ተመላሽን አንድ ላይ ስትደምሩ ያው ጉዳት ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ተጠንቀቁ።

አርኤንፒ፦ መነሻ ወጪ 150,000፣ ዓመታዊ 15,000 ዶላር። ጥቅሙ 15 በረራ በ4,000፣ ማለትም 60,000። የተጣራው በዓመት 45,000 ነው። ለ15 ዓመት በ10 በመቶ ቅናሽ ምጣኔ (የወደፊትን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ በሚመልሰው) ማባዣው 7.606 ነው። 342,000 ያህል ይመጣል፤ መነሻው ሲቀነስ 192,000 ዶላር ትርፍ።

አይኤልኤስ ከነመብራቱ፦ መነሻ 3,000,000፣ ዓመታዊ 150,000። ጥቅሙ 26 በረራ በ4,000፣ ማለትም 104,000። ዓመታዊ ጥቅሙ ዓመታዊ ወጪውን እንኳ አይሸፍንም። በ15 ዓመት ኪሳራው 3.35 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። አርኤንፒ ቀድሞ ከተዘረጋ ደግሞ አይኤልኤሱ ሊያስመዘግብ የሚገባው «ሐ»ን፣ 11 በረራን፣ ብቻ ነው። ሁለተኛውን መሣሪያ ስትመዝኑ የመጀመሪያው ያዳነውን ደግማችሁ አትስጡት።

አሁን ተቃራኒውን ጠይቁ፦ አይኤልኤሱ እንዲያዋጣ ስንት በረራ ማዳን አለበት? 3,000,000 ለ7.606 ሲካፈል 394,000፤ የዓመቱ 150,000 ሲጨመር 544,000። ይህ ለ4,000 ሲካፈል በዓመት 136 በረራ ነው። ቦሌን የመሰለ የመሸጋገሪያ ማዕከል ላይ ግን አንድ ትልቅ አውሮፕላን ሲዞር መንገደኛው የሚቀጥለውን በረራ ያጣል፣ ማደሪያ ይከፈላል፣ የሚቀጥለው ዙር ይዛባል። የአንዱ ጉዳት 40,000 ዶላር ቢሆን 14 በረራ ይበቃል። ያው መሣሪያ አንዱ ቦታ ላይ ግልጽ ኪሳራ፣ ሌላው ላይ ግልጽ ትርፍ ነው። «እነሱ አላቸው፣ እኛም ይገባናል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ መቆም አለበት።

ስሌቱን በዶላር፣ የዋጋ ንረት ባልተጨመረበት ቋሚ ዋጋ ሥሩት። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚመራ መሣሪያውን በዶላር፣ ጥቅሙን በዛሬው ብር የያዘ ሉህ በወራት ውስጥ ትርጉሙን ያጣል። ከዚያ ሦስት ነገሮችን አንድ በአንድ አናውጡ፦ የበረራ ዕድገት፣ የቅናሽ ምጣኔና የግንባታ ወጪ። ውሳኔው በአንዱ ትንሽ ለውጥ የሚገለበጥ ከሆነ ያንን ቁጥር ለማጥራት ተጨማሪ ወር መስጠት ተገቢ ነው።

ከፍታና ሙቀት

በደጋ ማረፊያ ላይ ባሮ-ቪናቭ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የግፊት ከፍታ መለኪያ ሙቀትን አያውቅም። በቦሌ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ በ22 ዲግሪ ቀን አየሩ ስለሚለጠጥ 3 ዲግሪ ተብሎ የተነደፈው ቁልቁለት በእውነቱ ወደ 3.24 ዲግሪ ይጠጋል። በዚያ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል አውሮፕላኑ በእውነት የሚበረው መለኪያው ከሚያሳየው ፈጥኖ ነው፦ 140 ኖት የሚያሳየው ወደ 162 ኖት ይሆናል። በባሕር ጠለል ላይ በደቂቃ 743 ጫማ ያህል የሚሆነው የመውረድ ፍጥነት እዚህ 930 አካባቢ ይደርሳል፤ 10 ኖት የኋላ ነፋስ ሲጨመር 985። ብዙ አየር መንገዶች ከ1,000 በላይ ሲሆን አቀራረቡ ይቋረጥ ይላሉ። ስለዚህ ንድፉን ከመቀበላችሁ በፊት በአካባቢው ከፍተኛ ሙቀት፣ በከባዱ አውሮፕላንና በሚፈቀደው የኋላ ነፋስ አስልታችሁ እዩት። ካላሰላችሁት የተቀነሰው መዞር በጎ አራውንድ፣ ማለትም ማረፉን ትቶ ዳግም ወደ ላይ በመነሳት፣ ይተካል። አይኤልኤስ ማዕዘኑን በሞገድ ስለሚሰጥ በሙቀት አይለወጥም፤ የመውረድ ፍጥነቱ ግን በሳሳው አየር ምክንያት እዚያም 860 ያህል ነው።

በገንዘብ የማይጠቃለለው

የፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን በ1990ዎቹ ያሠራው ጥናት ቁልቁለት በማይሰጥ አቀራረብ ላይ ያለው የአደጋ ዕድል ቁልቁለት ከሚሰጠው አምስት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን አርኤንፒ በባሮ-ቪናቭም ይሰጣል። ስለዚህ ደህንነትን ለአይኤልኤስ ብቻ መከራከሪያ አታድርጉት። በሉሁ ላይ ለብቻው መስመር ይያዝ፣ ከመዘግየት ጥቅም ጋር አይደመር።

ባሮ-ቪናቭ የራሱን አደጋም ያመጣል። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በትክክለኛ የግፊት ቁጥር ላይ ነው፤ 1 ሄክቶፓስካል ስህተት 28 ጫማ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2022 በፓሪስ ሻርል ደ ጎል አንድ ኤ320 ከማማው 1001 መሆን ሲገባው 1011 ተነገረው። የዚያ ማኮብኮቢያ አይኤልኤስ ለጥገና ተዘግቶ ነበር። አውሮፕላኑ 280 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ ከማኮብኮቢያው 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ከመሬት በ6 ጫማ አለፈ። የአብራሪዎቹ መሣሪያ ግን በትክክለኛው ቁልቁለት ላይ መሆናቸውን ያሳይ ነበር። መከላከያው ርካሽ ነው፦ ግፊቱ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይረጋገጥ፣ የማማ ተቆጣጣሪው ዝቅተኛ ከፍታ ማስጠንቀቂያ ይኑረው።

የጂፒኤስ መታፈንም አለ። ፊንኤር እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 31 ቀን 2024 ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ መብረር ያቆመው እዚያ የነበሩት አቀራረቦች ሁሉ ጂፒኤስ የሚጠይቁ ስለነበሩ ነው። በኒውአርክ ደግሞ የጂባስ ጣቢያው በአንድ የመኪና ሹፌር ትንሽ ማፈኛ ይረበሽ ነበር፤ የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 በሹፌሩ ላይ 31,875 ዶላር ቅጣት ጠይቋል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ መታፈኑ በመካከለኛው ምሥራቅ በርትቷል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚበሩ አውሮፕላኖች ያውቁታል። ከዚህ የሚመጣው ውሳኔ ቀጥተኛ ነው፦ ቢያንስ በዋናው ማረፊያና በተለዋጩ ላይ ጂፒኤስ የማይፈልግ አንድ አቀራረብ በሥራ ላይ ይቆይ። የነባሩን ቪኦአር፣ ዲኤምኢ (ርቀት ለኪ ጣቢያ) ወይም አይኤልኤስ ማቆያ ወጪ በአዲሱ አማራጭ ላይ ደምሩት እንጂ «ይቆጠባል» ብላችሁ አትቀንሱት።

ወደ ግዢ ከተሄደ

የጨረታ ሰነዱ ውስጥ እነዚህ በቁጥር ይግቡ፦ የቦታ ጥናቱ በአቅራቢው ሞዴል የተሠራና በአካባቢው ያሉትን ሃንጋሮችና ኮረብታዎች ያካተተ ይሁን፤ በማረፊያው ዙሪያ ያሉ የኤፍኤም ጣቢያዎች፣ በተለይ ወደ 108 ሜጋኸርዝ የተጠጉት፣ ከሎካላይዘሩ ጋር ይፈተሹ፤ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሚበቃ የማስተላለፊያና የኃይል ሰሌዳ መለዋወጫ አገር ውስጥ ይቀመጥ፤ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ፈረቃ አንድ የሠለጠነ ቴክኒሻን ይኑር፤ የመጀመሪያዎቹ አራት የበረራ ፍተሻዎች በውሉ ዋጋ ውስጥ ይሁኑ። የመጨረሻው ክፍያ ከመጀመሪያው የተሳካ ፍተሻ ጋር ብቻ ከተያያዘ አቅራቢው ክረምቱን ሳያይ ይሄዳል። ቢያንስ 10 በመቶው አንድ ሙሉ ክረምት አልፎ መሣሪያው የቆመበት ሰዓት እስኪታወቅ ይያዝ።

ሎካላይዘሩ ከመቆሙ በፊት ማዘጋጃ ቤቱ የማረፊያውን የግንባታ ክልከላ ክልል በካርታ ያጽድቅ። በጨረሩ ፊት ከሁለት ዓመት በኋላ የሚነሳ የብረት ጣሪያ ያለው መጋዘን ሙሉውን ወጪ ከንቱ ሊያደርግ ይችላል፤ መጋዘኑን ከማስፈረስ ካርታውን ማስጸደቅ በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

አገልግሎቱ በጀመረ በ12ኛው ወር ያንኑ ሉህ አውጡና በዚያው አመዳደብ እንደገና ቁጠሩ፦ «ለ» እና «ሐ» ውስጥ ከወደቁት በረራዎች ስንቱ በእርግጥ አረፈ? ካላረፈ፣ መሣሪያው ስለጠፋ ነው፣ አብራሪው ፈቃድ ስላልነበረው ነው ወይስ መብራቱ ስላልሠራ ነው? የሦስቱ መፍትሔ የተለያየ ነው፤ የሚቀጥለው ማረፊያ በጀትም ከዚህ መልስ መነሳት አለበት።